እምቦሳና እንገር፤ አዲስ የተወለደ ጥጃ በሽታን የመቋቋም ኃይልና ክትትሉ በታሪክ ሲታይ (ሐይቅና አምባሰልን መነሻ በማድረግ)

መግቢያ

አዲስ ቤት ሠርቶ ለገባ ሰው «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ መመረቅ የቆየ ልማዳችን ነው። ከምርቃቱ ሁሉ ይህ የተመረጠበት ምክንያት ለእንስሳት ሐኪም የተሰወረ አይደለም። በሬ ያረጃል፣ ላም ትነጥፋለች፤ ቤት ግን ከዓመት ዓመት የሚዘልቀው በደጁ አዲስ ጥጃ ሲታሰርና ያም ጥጃ አድጎ ጊደር ወይም ወይፈን ለመሆን ሲበቃ ነው። ምርቃቱ የሚፈጸመው ጥጃው በመወለዱ ብቻ ሳይሆን በመትረፉም ጭምር በመሆኑ፣ የጥጃ መትረፍ የገበሬው ቤት መሠረት ነው ለማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አዲስ የተወለደ ጥጃ በሽታን የሚቋቋምበት ኃይል ከየት እንደሚመጣ፣ ይህንንም ኃይል በደም ምርመራ መከታተል በሀገራችን የእንስሳት ሕክምና ታሪክ ምን ስፍራ እንደ ነበረው ለሙያ ባልደረቦች ማስታወስ ነው። ለመነሻነት የተመረጠው በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅና የአምባሰል አካባቢ ነው። አካባቢው ለመነሻነት የተመረጠበት ምክንያት ከዚህ በታች ይገለጻል። ዘመኑ በሀገራችን አቆጣጠር ሲሆን «ዓ. ም.»፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን «እ. ኤ. አ.» ተብሎ ተመልክቷል።

ውጫሌና የከብት እልቂት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሐይቅ ይደርሳል። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ካለው ሐይቅ ሲሆን፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዝናው የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም የሚገኘው በዚሁ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ አምባሰል ይገኛል፤ የወረዳው ዋና ከተማ ውጫሌ ናት። የአገሩ አቀማመጥ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን በአጭር ርቀት ያቀራረበ ነው። ገበሬው በበሬ አርሶ አዳሪ ሲሆን፣ በስተ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበሬ የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያ አለ። በገበያና በግጦሽ ከብት ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ቆላ ስለሚመላለስ፣ በሽታም በዚያው መንገድ ሲመላለስ ኖሯል።

በአምባሰል ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. ሜይ 2 ቀን 1889) የውጫሌ ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ ያስነሣው ክርክርና ክርክሩ ያደረሰበት የዐድዋ ጦርነት በሰፊው የተጻፈበት ስለ ሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለኛ ሙያ ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ውሉ በሚፈረምበት ጊዜ ሌላ ወራሪ ወደ ሀገር ገብቶ ነበር። እ. ኤ. አ. በ1887 ለጣልያን ሠራዊት ወደ ምጽዋ በመጡ ከብቶች አማካይነት የገባው የደስታ በሽታ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተዛመተ ላምና በሬውን ይፈጅ ነበር። በሽታው በማያውቀው ከብት ላይ ሲወድቅ ኃይሉ እጅግ የከፋ በመሆኑ፣ በብዙዎች ግምት በኢትዮጵያ ከነበረው ከብት ከመቶ 90 የሚሆነው አልቋል። በሬ ያጣው ማሳ ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. ያለው ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት በገዛ እጃቸው በመቆፈሪያ መሬት እንደ ቆፈሩ በታሪክ ተመዝግቧል።

ከዚህ እልቂት በኋላ የሆነውን ነገር መረዳት ለቀጣዩ ትረካ አስፈላጊ ነው። ከደስታ በሽታ የተረፈች ላም በሽታው ዕድሜዋን ሙሉ ዳግመኛ አይይዛትም። የምትወልደውም ጥጃ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከእናቱ ባገኘው ኃይል ተጠብቆ ይቆያል። ይህ ኃይል ሲያልቅ ግን ጥጃው ባዶ እጁን ይቀራል። እንግዲህ በሽታው በሰፈነበት አገር ቫይረሱ ዋናውን መንጋ ትቶ በየዓመቱ የእናታቸው ጥበቃ ያለቀባቸውን ጥጃዎች፣ ጊደሮችና ወይፈኖች እየተከተለ ይኖር ጀመር። በእነርሱም ላይ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ መልክ ስለሚይዝ ሳይታወቅ ለዓመታት ይሸሸጋል፤ ከዚያም በገበያ መንገድ ወጥቶ ያልተከላከለ መንጋ ሲያገኝ እንደ ጥንቱ ይገድላል። በአንድ ምዕተ ዓመት ጊዜ ውስጥ በደስታ በሽታ ላይ የተደረገው ትግል በመሠረቱ ይህችን የጥጃ ዕድሜ ክፍተት ለመዝጋት የተደረገ ትግል ነበር።

ከእናት የሚገኝ ኃይል

የሰው ልጅ ሕፃን ከመወለዱ በፊት በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ አንቲቦዲ ይቀበላል። የላም እንግዴ ልጅ አሠራር ግን ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ ጥጃ ሲወለድ ደሙ ከአንቲቦዲ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ይህን ጉድለት የሚሞላው እንገር ነው። ላሟ ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት ከደሟ የወጣው አንቲቦዲ በግቷ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጥጃው ጠብቶ ሲውጠውም ሳይፈጭ በአንጀቱ ግድግዳ አልፎ ወደ ደሙ ይገባል። ይህ በር ግን ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ አይቆይም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች የሚያስገባው ከፍተኛ ሲሆን፣ ከዚያ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ የሚጠጣው እንገር ለምግብነትና የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ ለመጠበቅ ቢጠቅምም ወደ ደም የሚገባ ጥበቃ አይሰጥም።

ይህ እውቀት በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። ጀርመናዊው ጳውል ኤርሊኽ እ. ኤ. አ. በ1892 በአይጦች ላይ ባደረገው ምርመራ እናት በወተቷ ለልጇ ጥበቃ እንደምታስተላልፍ አሳየ። ቴዎባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል በአሜሪካ እ. ኤ. አ. በ1922 ባወጡት ጥናት ደግሞ እንገር የተከለከሉ ጥጃዎች አብዛኞቹ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሲሞቱ እንገር የጠጡት እንደ ተረፉ ገለጹ። ከዚያም አር. ዲ. ብራውን በምሥራቅ አፍሪካ እ. ኤ. አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ከደስታ በሽታ የተከላከለች ላም የምትወልደው ጥጃ በእንገር ያገኘውን አንቲቦዲ ለብዙ ወራት በደሙ ይዞ እንደሚቆይ አስረዳ። ጥናቱ ለክትባት ሥራ ከፍተኛ ትርጉም ነበረው። እናቱ የሰጠችው አንቲቦዲ ቫይረሱን ከጥጃው እንደሚከለክል ሁሉ፣ ሕይወት ያለውን የክትባት ቫይረስም በጥጃው ሰውነት ውስጥ እንዳይራባ ይከለክለዋልና ነው።

የሜዳ ሐኪሙ ችግር እዚህ ላይ ነበር። በአንድ መንደር የተሰበሰቡ ጥጃዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አንዱ እንገር በበቂ ጠጥቶ ገና የእናቱ ጥበቃ ያለበት በመሆኑ ክትባቱ ይባክንበታል፤ ሌላው ጥበቃው ያለቀበት ስለ ሆነ ክትባቱ ይሠራለታል፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያውም እንገር ያላገኘ ነው። ሦስቱም መርፌ ይወጋሉ፣ በመዝገብም «ተከትቧል» ተብለው ይጻፋሉ። ልዩነታቸውን የሚያውቀው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ክፍተቱ የጥጃው ነበር

በደስታ በሽታ ላይ የተሞከሩት መከላከያዎች ብዙ ናቸው። ሮበርት ኮኽ እ. ኤ. አ. በ1897 በደቡብ አፍሪካ በኪምበርሊ የታመመ ከብት ሐሞት በመውጋት መከላከል እንደሚቻል አሳወቀ። በኋላም በፍየል ላይ የተላመደ ክትባት በህንድ ተዘጋጅቶ ወደ አፍሪካ መጣ፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ የከብት ዝርያ ላይ ከባድ ነበር። ነገሩን የለወጠው ዋልተር ፕላውራይትና ባልደረቦቹ በኬንያ በሙጉጋ ያዘጋጁት፣ እ. ኤ. አ. በ1962 የታተመው በሕዋስ ላይ የሚያድግ ክትባት ነው። ይህ ክትባት ርካሽ፣ ለማንኛውም ዝርያና ዕድሜ አደጋ የሌለው፣ በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለከብቱ ዕድሜ የሚበቃ ነበር። በ1956 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. 1964) በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም ለሀገራችን የክትባት ሥራ ዋና ምሰሶ ሆኗል።

በጋራ ፕሮጀክት 15 ስም የሚታወቀው የአፍሪካ ዘመቻ እ. ኤ. አ. በ1962 በምዕራብ አፍሪካ ተጀምሮ ወደ ምሥራቅ አፍሪካና ወደ ሀገራችን ከተስፋፋ በኋላ በ1970ዎቹ አጋማሽ እ. ኤ. አ. አበቃ። ዕቅዱ ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያ በየአካባቢው ያለው ከብት በሙሉ ሦስት ዓመት በተከታታይ ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር በየዓመቱ የሚወለዱትን ጥጃዎች በገዛ አቅሙ እየከተበ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ክፍል በብዙ ስፍራ ተሳክቶ በሽታው እጅግ ቀነሰ። ሁለተኛው ክፍል ግን ተዘነጋ። በሽታው ካልታየ የበጀቱም ትጋት፣ የባለሥልጣኑም ትኩረት ይላላል፤ በሀገራችን ደግሞ ጦርነትና ድርቅ ተደረቡበት። ወሎ በ1966 ዓ. ም. እና በ1977 ዓ. ም. ያየችው ረኃብ የሰውንም የከብትንም ሕይወት ያጠፋ፣ የተረፈውንም መንጋ ያዳከመ ነበር።

ጉዳቱን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። 100 የተከተቡ ከብቶች ባሉበት መንደር በየዓመቱ 20 ጥጃ ተወልዶ ቢያድግና 20 ከተከተቡት ውስጥ ቢሸጥ፣ ቢታረድ ወይም ቢሞት፣ የጥጃ ክትባት በቆመ በሦስተኛው ዓመት ካለው ከብት 60ው ጥበቃ የለውም። ማንም ሰው ስሕተት ሳይሠራ፣ ክትባቱም ሳይበላሽ፣ መንጋው በጊዜ ብዛት ብቻ ለበሽታው ይጋለጣል። በእርግጥም ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ እ. ኤ. አ. ድረስ የደስታ በሽታ እንደ ገና በአፍሪካ ተስፋፍቶ በርካታ አገሮችን መታ። የጋራ ፕሮጀክት 15 ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ዘመቻው በእምቦሳው ካልተጠናቀቀ ሌላው ድካም ሁሉ ከጥቂት ዓመት በላይ አይዘልቅም።

ጥጃው ምስክር ሆነ

ይህን ትምህርት የወሰደው የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ዘመቻ እ. ኤ. አ. በ1986 ተነሥቶ በኢትዮጵያ ከ1989 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከቀደመው የሚለይበት ዋና ነገር የተወጋውን ከብት ቁጥር ከመቁጠር አልፎ በከብቱ ደም ውስጥ ያለውን ኃይል መለካቱ ነው። ቀድሞ ለዚህ የሚያገለግለው ምርመራ በሕዋስ ላይ ቫይረስ የማምከን ዘዴ ሲሆን፣ ብዙ ቀናትና የተሟላ ላቦራቶሪ ይጠይቅ ነበር። የኤላይዛ ዘዴ ሲመጣ ግን ብዙ ናሙና በአንድ ቀን መመርመር ተቻለ። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ክፍል ይህን ዘዴ በአፍሪካ ላቦራቶሪዎች አስፋፋ።

ከብቶቹ በሚመረመሩበት ጊዜ ዕድሜያቸው በጥርሳቸው ይለያል። ይህ የቢሮ ሥርዓት ብቻ አልነበረም። በዕድሜ የገፋ ከብት ደም ውስጥ አንቲቦዲ ቢገኝ ዘመቻው ቀድሞ መድረሱን ያሳያል፤ በወይፈኑና በጊደሯ ቢጠፋ ግን ያለፈው ዓመት ጥጃ እንደ ተዘለለ ያሳብቃል። ከ1 ዓመት በታች ያለው ጥጃ ላይ የሚገኘው አንቲቦዲ ደግሞ የእናቱ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ይተረጎማል።

ዘመቻው በቆላው በኩል ሌላ መላ ፈለገ። በበረሃው ሙቀት ክትባት በማቀዝቀዣ ይዞ መድረስ አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለ30 ቀን ያህል ሳይበላሽ የሚቆይ ቴርሞቫክስ የተባለ ክትባት ተሠራ። ከ1994 እ. ኤ. አ. ጀምሮ በአፋር ከየማኅበረሰቡ የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ክትባቱን ይዘው የሐኪም መኪና ወደማይደርስበት መንጋ ደረሱ። ይህ ሥራ ከአፋር ጋር በግጦሽና በገበያ ለሚገናኘው ለወሎ ደጋ ሁሉ ጋሻ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ በሽታ ወረርሽኝ የታየው እ. ኤ. አ. በ1995 ነው።

በሽታው አለመታየቱ ግን መጥፋቱን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው የተገኘው ክትባቱን በማቆም ነው። በክትባት የተገኘ አንቲቦዲና በበሽታው የተገኘ አንቲቦዲ በምርመራ አይለዩም፤ ስለዚህ ክትባቱ እስካለ ድረስ የትኛውም ደም ስለ ቫይረሱ ሊመሰክር አይችልም። ክትባቱ ከቆመ በኋላ የተወለደና የእናቱ ጥበቃ ያለቀበት ወጣት ከብት ብቻ ንጹሕ ምስክር ይሆናል። በእርሱ ደም ውስጥ አንቲቦዲ ከተገኘ ቫይረሱ በአካባቢው አለ ማለት ነው፤ በቂ ናሙና ተወስዶ ካልተገኘ ግን የለም። ብሔራዊው የሴረም ቅኝት የተመሠረተው በዚህ አስተሳሰብ ላይ ነው። ኢትዮጵያም እ. ኤ. አ. በ2008 ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ታወቀላት፤ በ2011 እ. ኤ. አ. ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ በሽታ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ይኸው ሁለተኛው ነው። ከውጫሌ ውል ዘመን ጀምሮ 120 ዓመት ያህል የቆየው መከራ የተዘጋው በጥጃ ደም ምስክርነት ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

የቀረው ሥራ

ይህን ታላቅ ሥራ በኩራት ስናስታውስ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በእነዚያ ዓመታት የጥጃው ደም የተጠየቀው ስለ ቫይረሱ ነው። ጥጃው ራሱ እንገር ጠጥቶ እንደ ሆነ፣ በተቅማጥና በሳንባ ምች ላይ የሚቆምበት ኃይል በደሙ ውስጥ መኖር አለመኖሩ አልተጠየቀም። የደስታ በሽታ ከጠፋ በኋላም የገበሬው ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሞቱን አላቋረጠም። እ. ኤ. አ. በ2015 የወጣው ብሔራዊ የእንስሳት ሀብት ማስተር ፕላን የጥጃን፣ የግልገልንና የሌሎች ለጋ እንስሳትን ሞት መቀነስ ከዋና ዋና ተግባሮች አንዱ አድርጎ መመልከቱ ችግሩ ሀገራዊ መሆኑን ያሳያል።

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ለአንድ ገበሬ የወንድ ጥጃ ሞት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። ወይፈን ቀንበር ለመልመድ 4 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ዓመት የሞተ ጥጃ ከ4 ዓመት በኋላ የሚጎድል በሬ ነው። ሴት ጥጃ ስትሞትም የምትጎድለው አንዲት ላም ከነዘሯ ናት።

መከላከያው በቤት ውስጥ ያለ ነው፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ አካባቢ ያለው ልማድ እንቅፋት ይሆንበታል። ላሟ እንግዴ ልጇን እስክትጥል ድረስ ጥጃው እንዳይጠባ ማገድ፣ እንገር ተቅማጥ ያመጣል ብሎ ቀንሶ ማጥባት ወይም ማለብ፣ ሌሊት የተወለደውን ሳያጠቡ ማሳደር ከነዚህ ይቆጠራሉ። ልማዱን ሁሉ እንደ ድንቁርና መቁጠር ግን አይገባም። እንገር ለቤተ ሰብም ምግብ ነው፤ የእንግዴ ልጅ መዘግየትም ገበሬው በትክክል የሚፈራው ችግር ነው። ሐኪሙ ማስረዳት ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሰዓቱን ጉዳይ ነው። ሲወለድ 20 ወይም 25 ኪሎ የሚመዝን የአገር ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የክብደቱን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 2 ሊትር ወይም ትንሽ ተርፎ ያስፈልገዋል። የአገር ላም ወተቷ ጥቂት በመሆኑ፣ ከዚህ ላይ ለሰው የሚታለብ ቢኖር ከጥጃው ድርሻ የተቀነሰ ነው። በድርቅ ዓመት የከሳች ላም እንገሯ አነስተኛ፣ ጥጃዋም ለመቆምና ለመጥባት ደካማ ስለሚሆን ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ክትትሉም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከተወለደ ከ1 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ከጥጃው ጥቂት ደም ተወስዶ ሴረሙ ሲለይ፣ በእጅ በሚያዝ ሪፍራክቶሜትር በአንድ ጠብታ ይለካል። ጠቅላላ የሴረም ፕሮቲኑ በ100 ሚሊ ሊትር 5.2 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሊትር 10 ግራም የሚያህል ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ እንዳለው ይገመታል። ይህ ለረጅም ዘመን የመውደቂያና የማለፊያ ወሰን ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። እ. ኤ. አ. በ2020 የአሜሪካ ባለሙያዎች ባወጡት ስምምነት ግን አንድ ወሰን ብቻ በቂ አለመሆኑ ታይቶ፣ በሊትር ከ10 ግራም በታች ደካማ፣ ከ10 እስከ 17.9 መካከለኛ፣ ከ18 እስከ 24.9 ጥሩ፣ 25ና ከዚያ በላይ እጅግ ጥሩ ተብሎ በአራት ደረጃ ተከፍሏል። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት በውጭ አገር የወተት ከብት ላይ ስለ ሆነ፣ ለአገራችን ከብት እንደ መነሻ እንጂ እንደ መጨረሻ ፍርድ ሊወሰዱ አይገባም። ለኛ የሚስማማውን ወሰን ማግኘት የኛው ሥራ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በየወረዳው ያለ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሪፍራክቶሜትር እንዲኖረውና በየወቅቱ ከጥቂት መንደሮች የአዳዲስ ጥጃዎች ሴረም እንዲለካ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ለወሎ አካባቢ ውጤቱን ለማረጋገጥ የቀረበ ነው። ሁለተኛ፣ እ. ኤ. አ. እስከ 2030 ድረስ ከዓለም ለማጥፋት በታቀደው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ላይ በሚደረገው ዘመቻ የግልገሉን የእናት ጥበቃ ዘመን ሳያሰሉ ክትባት ማቀድ የጋራ ፕሮጀክት 15ን ስሕተት መድገም ይሆናል። ሦስተኛ፣ ለቅኝት ተብሎ ከለጋ እንስሳ የሚወሰድ ደም ሁሉ ስለ እንስሳው ጤናም ቢጠየቅ፣ ያው አንድ ናሙና ለሀገርም ለገበሬውም ይሠራል።

በአምባሰል ምድር የተፈረመው ውል በዐድዋ ድል ተሽሯል። በዚያው ዘመን የገባው የከብት እልቂትም ከምድር ጠፍቷል። ከእነዚህ ሁለት ድሎች በኋላ በጋጣ ውስጥ የሚቀረው ትግል ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ለአዲስ ጥጃ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሊትር እንገር የማድረስ ትግል ነው። «እምቦሳ እሰሩ» ብለን የምንመርቅ ሁሉ የታሰረው እምቦሳ እንገሩን መጥባቱን የምንጠይቅበት ጊዜ ነው።